ምንም የማይገዛው ክቡር ገዢ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ራሱ ምንም አይገዛም፣ ገዢ ምን እንደሚፈልግ ግን ከገዢው በላይ ያውቃል። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ ቤተሰቡን ደግሞ ይቁጠር። ይህ ሰው ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ በተስፋ ከወንበሩ ይነሳል፤ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። በመካከሉ የመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ ወርዷል፣ ተገልብጧል፣ ተሽትቷል፣ በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ ታይቷል፣ ተመልሶም ቦታው ገብቷል። የተሸጠ ነገር ግን የለም።

በጫማ ሠሪዋ ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዙት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ትላቸዋለች። በልቧ ግን «ክቡር ገዢ» ብላ ሾማቸዋለች፤ ሹመቱም በአንድ ቀን የተገኘ ሳይሆን ብዙ ነጋዴ ያዘነበት ነው።

አልጋ ለማየት የገቡበት የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ፍራሹን ልሞክር ብለው ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ሻጮቹ ለመቀስቀስ አፍረው በሹክሹክታ ሲነግዱ ዋሉ። ሲነቁ ተንጠራሩና «እኔ ገዢ ብሆን ይህን አልጋ አልገዛም፤ ጎን ይቆረቁራል» ብለው ወጡ። ጃንጥላ ሻጩን ደግሞ በባልዲ ውሃ አስመጡት፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ እንዲቆም አደረጉና ውሃውን በላዩ ለቀቁበት። ጃንጥላው አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ሻጩን ከልብ አመስግነው፣ ዝናብ ስላልነበረ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተው አያውቁም። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መነጽራቸው የተወለወለ፣ ኮታቸው እስከ መጨረሻው የተቆለፈ ነው። ንግግራቸው ሁሉ «እኔ ገዢ ብሆን» ብሎ ይጀምራል። ይህን የሚሉት ለራሳቸው አይደለም፤ ማን እንደወከላቸው ባይታወቅም፣ ሳያውቅ ስለሚታለለው የገዢ ዘር በሙሉ ነው።

ሰው ይስቃል። ጫማ ሠሪዋም ስትስቅ ኖራለች፣ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

የምትሠራበት ክፍል በቁልፍ ቀራጩና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። እሷ የምትሠራውን ጫማ ሌላ ማንም አይሠራም። ሁለት እግራቸው እኩል ላልሆነ ሰዎች ነው የምትሰፋው፤ ግራው ሰፊ፣ ቀኙ ጠባብ፤ ወይም ቀኙ ረጅም፣ ግራው አጭር። አንዱ በልጅነት ሕመም፣ ሌላው በአደጋ፣ ሌላውም እንዲሁ ሲፈጠር። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝተው አንድ ጥንድ ሲጫሙ የኖሩ ናቸው። ከሩቅ መጥተው፣ ቁልፍ ቀራጩን ጠይቀው፣ በሯን ያንኳኳሉ።

አሁን ግን በሩ ሊጠፋ ነው። የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን በሙሉ አፍርሶ ለመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ወሰነ። ሌላ ቦታ የጠየቀችው ኪራይ የሚቀመስ አልነበረም። ጫማ የምትቀርጽባቸውን ፎርማዎቿን በካርቶን አሽጋ ወደ መኖሪያ ቤቷ የኋላ ክፍል ልትገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም አያገኛትም። ስለዚህ የቀራት በር አንድ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ የሚከፈት ሱቅ።

አንዲት የሬዲዮ አዘጋጅ፣ እናቷ የጫማ ሠሪዋ ደንበኛ የሆኑ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርጻት ሄዳለች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይተላለፋል፤ የሱቁ አድራሻም በአየር ላይ ይነበባል። «የሚተላለፈው አንዴ ነው» ብላታለች አዘጋጇ። «ሰው ሰምቶ ከፍቶ ካልሠራለት ተመልሶ አይመጣም። እንዲያውም ሌላውንም ተመለስ ይላል።»

ጫማ ሠሪዋ ይህን ቃል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ገጹን የሠራላት የባሏ ጓደኛ ነው። ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የለም። ገጽ ሠሪው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲጨነቅ የብዕር ክዳን ያኝካል፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ያላኘከው ክዳን አልነበረም። «ማረፊያ ገጽ» ይለዋል፣ እንግዳ ከበር ገብቶ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ገጽ። በላይ በኩል የሁለት ጫማ ፎቶ ነበረው፤ አንዱ በግልጽ ከሌላው ይበልጣል። ከሥሩ «እግሮችዎ እኩል መሆን የለባቸውም» ይላል። ቀጥሎ የግራ እግር ልክ የሚሞላበት፣ የቀኝ እግር ልክ የሚሞላበት። ከዚያ ክፍያ፤ በካርድ፣ በስልክ፣ በባንክ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ክቡር ገዢ የደረሱት በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የክፍሉ ዕቃ መታሸጉን ሰምተው ኖሮ የሚታጠፍ ወንበራቸውን በብብታቸው ይዘው መጥተዋል።

«ማንም አልጠራኝም፤ ግን መጣሁ» አሉ ወንበሩን እየዘረጉ። «እስኪ ልየው።»

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አለች ጫማ ሠሪዋ። «ሬዲዮውን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ካለቀማ ጥሩ። ያለቀ ነገር ቢታይ ምን ይሆናል?»

ገጽ ሠሪው ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞረ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ፎቶውን አዩ፣ ጠጋ ብለው ደግመው አዩ።

«እኔ ገዢ ብሆን እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል እላለሁ። አንዱ ጫማ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ!»

«የምትሸጠው እሱኑ ነው እኮ ጋሼ» አለ ገጽ ሠሪው።

«እኔማ አውቃለሁ። ገዢው ያውቃል ወይ?»

«ከሥሩ ተጽፏል።»

«ገዢ ከሥር አያነብም። ገዢ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይሄዳል።»

ገጽ ሠሪው የብዕሩን ክዳን አፉ ውስጥ ከተተ። ጫማ ሠሪዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና «ጽሑፉን ከፎቶው በላይ አውጣውና ይለፈን» አለችው። አወጣው። እውነቱን ለመናገር አማረበት። ይህን ግን ለክቡር ገዢ የሚነግራቸው አልተገኘም፤ የተመሰገኑ እንደሆነ ወንበሩ ከዚያ ቤት እንደማይነሳ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሳይመሰገኑም አልተነሱም።

«ክፍያው ደግሞ፣» አሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው፣ «ዕቃው እጄ ሲገባ የምከፍልበት የታል?»

የፈራችው መጣ። «ጋሼ፣ እሱ አይሆንም። የሰውዬውን እግር ለክቼ ግራውን ሰፊ፣ ቀኙን ጠባብ አድርጌ እሰፋለሁ። በር ላይ ሲደርስለት ‹ሐሳቤን ቀይሬያለሁ› ቢለኝ ለማን እሰጠዋለሁ? ያንን ጫማ በዓለም ላይ ሌላ ሰው አይጫማውም።»

«ገብቶኛል።»

«ከገባዎትማ…»

«እኔ ገዢ ብሆን ግን አላምንሽም።»

ወስፌ ጣት ላይ ሲሰካ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ስንት ዓመት በዚህ ክፍል ተጎንብሳ ስትሰፋ፣ የምትሠራውን ጫማ ያላመናት አንድም እግር አልነበረም። ቀና ብላ አየቻቸው።

«አንቺን ማለቴ አይደለም፤ ስክሪኑን ነው» አሉ ቶሎ ብለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ያልቸኮለችም ሱቋ ፈረሰባት ጋሼ» አለችና የቀሩትን ፎርማዎች ልታሽግ ወደ ጓዳው ገባች። ገጽ ሠሪውም ማራዘሚያ ገመድ ሊዋስ ወደ ቁልፍ ቀራጩ ሄደ። ክቡር ገዢ ከገጹ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

እዚህ ላይ ነበር መፍራት።

ከጓዳው ስትመለስ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ በአንድ ጣት ሲጫኑ አገኘቻቸው። ፊታቸው ላይ የጃንጥላው ቀን የነበረው እርካታ አለ። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ዜና እያነበበ ነው። ከዜናው ቀጥሎ የእሷ ፕሮግራም ነው።

ገጽ ሠሪው ገመዱን አንጠልጥሎ ገባ፤ ኮምፒውተሩን አየና ባለበት ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለች።

በጣቱ ስክሪኑን አሳያት። ቀረብ ብላ አየች። ካርድ፣ ስልክ፣ ባንክ፣ ሦስቱም አመድ መስለዋል። ከላያቸው ቀይ ጽሑፍ ተጋድሟል፤ በዚህ ሱቅ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስለታየ ክፍያ ለጊዜው ታግዷል።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምን አደረጉ?»

«ምንም። ገዛሁ።»

«ገዙ?»

«ልገዛ ሞከርኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

ክቡር ገዢ ጣሪያውን አዩ። «እስኪሰለቸው ድረስ።»

ገጽ ሠሪው የተሞከሩትን ግዢዎች አንድ ባንድ ወደ ታች እያወረደ ያነብ ጀመር። አያልቁም። ክቡር ገዢ አንዴ የተሳሳተ የሚስጥር ቁጥር አስገብተዋል፣ አንዴ ጊዜው ያለፈበት ካርድ፣ አንዴ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር። ስሙንም በየጊዜው ለውጠዋል። በሟች እናታቸው ስም ሞክረዋል፣ በፀጉር አስተካካያቸው ስም ሞክረዋል፣ በመጨረሻም በድመታቸው ስም የግራውንም የቀኙንም ልክ ሞልተው አንድ ጥንድ ቡትስ ሊያዙ ነበር።

«ድመት!» አለ ገጽ ሠሪው፤ ክዳኑ ከአፉ ወደቀ።

«አጥር ሲታጠር መነቅነቅ አለበት» አሉ ክቡር ገዢ። «ሌባ ከመነቅነቁ በፊት እኔ ነቀነቅኩት። ጠንካራ ነው፤ ሊያስገባኝ አልቻለም። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«ጋሼ፣ አጥሩ እኛንም ቆልፎብናል!»

ይህን ያለችው ጮኻ ነው። በጋብቻ ዘመኗ ሁሉ በባሏ ታላቅ ወንድም ላይ ጮኻ አታውቅም። ቁልፍ ቀራጩ የሚያፋጨው ማሽን ከግድግዳው ወዲያ ቀጥ አለ።

«ለካ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ፊቷን አይተው ዘጉት።

ገጽ ሠሪው ወደ ክፍያ ድርጅቱ ደወለ። ሙዚቃ አሰሙት። ሬዲዮው የአየር ሁኔታ ጀመረ። ስልኩ ላይ ሙዚቃ፣ ሬዲዮው ላይ ደመና፣ ስክሪኑ ላይ አመድ። ጫማ ሠሪዋ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ቀበረች። ከሩቅ መጥተው ቁልፍ ቀራጩን የሚጠይቁትን ሰዎች አሰበች፤ ከእንግዲህ ቁልፍ ቀራጩም የለም። ዛሬ ከፍተው ሲዘጋባቸው፣ ይቺም እንደሌሎቹ ናት ብለው ወደ ሁለት ጥንዳቸው ይመለሳሉ።

ሙዚቃው ተቋረጠ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ገጽ ሠሪው አስረዳ፤ ተቻኩሎ፣ ተንተባትቦ፣ ደግሞ አስረዳ።

«ይገባኛል» አለች ሴትዮዋ። «መሣሪያችን ግን ሌባ ነው ብሎ ነው የዘጋው። ሙከራውን ያደረጉት ሰው አጠገብዎ አሉ? ከሳቸው ጋር መነጋገር አለብኝ።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ክቡር ገዢ የኮታቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ፤ ተቆልፎ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ሲሞክሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«ጤና ይስጥልኝ። እንግዲህ እኔ ገዢ ብሆን…»

«ይቅርታ፣ ገዢ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

ክቡር ገዢ ከስልኩ ቀና አሉ። ይህን ጥያቄ በቀጥታ የጠየቃቸው አንድም ሻጭ አልነበረም። ሻጭ ሁሉ ሊጠይቅ ይፈልጋል፣ ግን ተስፋው እንዳይሞትበት ይፈራል።

«ገዢ ከሆኑ» ቀጠለች ሴትዮዋ፣ «ጉዳዩ ወደ ማጣሪያ ክፍል ይሄዳል። የሚታየው ሰኞ ነው። ካልሆኑ አሁን ይንገሩኝና እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

ሬዲዮው የፕሮግራሙን መግቢያ ዜማ ማሰማት ጀመረ።

ጫማ ሠሪዋ አየቻቸው። ሁልጊዜ ቀጥ ያለው አንገታቸው ኮታቸው ውስጥ ትንሽ ሰጠም አለ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልጠረጉትም።

«አይደለሁም» አሉ።

«አልተሰማኝም ጌታዬ።»

«ገዢ አይደለሁም። ብዙም ገዝቼ አላውቅም።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ስም የሞከሩት ለምንድን ነው?»

«የወንድሜ ሚስት ናት» አሉ፤ ጫማ ሠሪዋን ሳያዩ፣ ስልኩን እያዩ። «ወንድሜ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ይህችን ክፍል ሊያፈርሱባት ነው፤ የቀራት ይህቺው ናት። ሰው ክፉ ነው። ዕቃዋን ወስዶ የሚሰወር ሞልቷል። እሷ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ታምናለች። እኔ ላታልላት ሞክሬ ካልቻልኩ ሌላውም አይችልም ብዬ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ የኮምፒውተር ፊደል ሲንኳኳ ተሰማ።

«እሺ። እገዳውን አነሳለሁ። ነገር ግን የርስዎ ስልክና ካርድ ከዚህ ሱቅ ይታገዳሉ። ሌላ መንገድ የለኝም።»

«እስከ መቼ?»

«ለሁልጊዜው።»

«ለሁልጊዜው?»

«አዎ ጌታዬ። ይስማማሉ?»

የዕድሜ ልክ ማዕረጋቸውን እንዲተዉ ነው የተጠየቁት። የገዢ ሁሉ ወኪል ከአንዲት ሱቅ፣ ያውም ከቤተሰባቸው ሱቅ፣ ሊሻሩ። ከመደርደሪያው ሬዲዮ የጫማ ሠሪዋ የራሷ ድምፅ ወጣ፤ «ሰው ሁለት እግሬ እኩል ነው ብሎ ያስባል እንጂ…» ይላል።

«እስማማለሁ» አሉ ክቡር ገዢ። «ቶሎ በይ፣ የኔ እናት። ጀምራለች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጫማ ሠሪዋ በደንብ አታስታውሰውም። ገጽ ሠሪው ገጹን ዘጋ፣ ከፈተ፤ አመድ። ዘጋ፣ ከፈተ፤ አመድ። ሬዲዮው ውስጥ ሆና ስለ ቆዳና ስለ ክር እያወራች ነው፤ ያን ለት ለምን ይህን ያህል ቀስ ብላ እንዳወራች ገረማት፣ አሁን ደግሞ ለምን የበለጠ ቀስ እንዳላለች። አዘጋጇ አመሰገነቻት። አድራሻውን አነበበች። ደግማ አነበበች። ገጽ ሠሪው ዘጋ፣ ከፈተ፤ አሁንም አመድ።

«እግዚኦ» አለች ጫማ ሠሪዋ ዝቅ ብላ።

ዘጋ። ከፈተ።

ሦስቱም ቀለማቸው ተመለሰ። አንደኛ ካርድ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ባንክ፣ ተኝቶ እንደነቃ ሰው አንድ ባንድ።

ማንም አልጮኸም። ትንፋሽ የያዘ ሰው መጀመሪያ መተንፈስ አለበት። ወዲያው አንድ ድምፅ ጢን አለ፤ አንድ ሰው ገዛ። ስሙን የማታውቀው፣ ከተማውንም ያልረገጠችው፤ ግራው ከቀኙ በሦስት ቁጥር ይበልጣል። ገና አንብባ ሳትጨርስ ሌላ ጢን። አንዲት ሴት ከትዕዛዟ ሥር እንዲህ ጽፋለች፤ «የቀኝ ጫማዬ ውስጥ ጥጥ ስጠቀጥቅ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ጥጡ ሰለቸኝ።»

ጫማ ሠሪዋ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ገጽ ሠሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና መስኮቱን የሚመረምር መሰለ።

ጠቅ የሚል የብረት ድምፅ ስትሰማ ነው ዞር ያለችው። ክቡር ገዢ ወንበራቸውን አጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። ስለ ገጹ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ጢን ጢኑም፣ ጥጥ ስለሰለቻት ሴትዮም ምንም አላሉም። በሩ ድረስ ሄደው ቆሙ።

«እንግዲህ እኔ ብፈልግ እንኳ ከዚህ ሱቅ መግዛት አልችልም» አሉ።

«አይችሉም ጋሼ።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ሲችል።»

«እርስዎ ብቻ ነዎት የማይችሉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍርዱ ፍትሐዊ መሆኑን አልካዱም። አንድ እግራቸውን ከደፍ አሻገሩ። ጫማ ሠሪዋ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሄዱላት ስትመኝ ነበር። አሁን ጀርባቸውን ስታይ ክፍሉ፣ ካርቶኖቹ ሁሉ እያሉበት፣ ባዶ ሊሆን መሰላት። ይህ ሰው ዝም ብሎ ሲወጣ አይታ አታውቅም፤ አያምርበትም።

«ተመለሱ» አለች።

«ረሳሁ እንዴ?»

«ወንበርዎን ይዘርጉና ይቀመጡ። ጫማዎንም ያውልቁ።»

«ምን ሊሆን? ታግጃለሁ እኮ።»

«የታገደው መግዛት ነው» አለች። የታሸገውን ካርቶን በወስፌ ቀድዳ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። «ቤተሰብ አይገዛም፤ ይለካል።»

ተቀመጡ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲያቸው አውራ ጣት ላይ የተጣፈ ነበር፤ በእጅ፣ በጥንቃቄ፣ በሌላ ቀለም ክር። ወረቀቱን ከእግራቸው ሥር አነጠፈችና ተንበረከከች። ከኋላዋ ገጽ ሠሪው በየጢኑ ያነብባል፤ ሴት፣ ቡኒ፤ ወንድ፣ ጥቁር፤ ሌላ ሴት፤ ሌላ። እርሳሱ ከትንሿ ጣት ተነስቶ በጎን በኩል ወረደ። ክቡር ገዢ ከላይ ሆነው መስመሩን በመነጽራቸው ይከታተላሉ፤ የሆነ ነገር እየፈለጉ እንደሆነ ታውቆባቸዋል፤ ያውም በጭንቀት።

በመጨረሻ አገኙ።

«እርሳሱ ይኮረኩራል» አሉ።

«ይታገሱ ጋሼ» አለች፤ ፊቷን እንዳያዩባት ይበልጥ አቀርቅራ፣ ተረከዙን በቀስታ ዞረችው።